የሎግ ላይብረሪ ለውጥ እንዴት ይገመገማል?

«ፍጥነቱን አሻሽያለሁ፣ ኢንተርፌሱንም አስተካክያለሁ» የሚል ፑል ሪኩዌስት (ኮድ እንዲቀየር የሚቀርብ ጥያቄ) ለመገምገም የግድ የሎግ ላይብረሪው (ፕሮግራም ሲሮጥ የሆነውን የሚመዘግብ የኮድ ስብስብ) ባለቤት መሆን አያስፈልግም። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ተቀምጦ በአንድ ላፕቶፕና በሞባይል ዳታ ይሠራል። ምሳሌዎቹ ጎ (Go) በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ናቸው፤ አካሄዱ ግን ለጃቫም ለፓይተንም ብዙ አይለይም።

1. ፍጥነትና ኢንተርፌስ (ሌላው ኮድ ላይብረሪውን የሚጠራበት መንገድ) አንድ ላይ ከመጡ ለሁለት እንዲከፈሉ ጠይቁ። የፍጥነቱ ለውጥ ችግር አምጥቶ መመለስ ቢኖርበት፣ ሰው መጠቀም የጀመረው ኢንተርፌስ አብሮ ይጠፋል።

2. ራሳችሁ ለኩ፤ ተለጥፎ የመጣውን ቁጥር አትመኑ። ቤንችማርኩን (የፍጥነት መለኪያ ሙከራውን) በሜይን ብራንች (በዋናው የኮድ ቅጂ) 10 ጊዜ፣ በአዲሱ 10 ጊዜ አስኪዱና ውጤቱን በቤንችስታት (የቤንችማርክ ውጤት በሚያነጻጽረው የጎ መሣሪያ) አወዳድሩ። አንድ ቤንችማርክ በነባሪ 1 ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅ 12 ቤንችማርክ በአንዱ ብራንች 10 ጊዜ ቢያንስ 2 ደቂቃ ነው፤ አቦል ሳይወርድ ያልቃል። ላፕቶፑ ግን ቻርጀር ላይ ይሁን። መብራት ሄዶ ወደ ባትሪ ሲዞር ፕሮሰሰሩ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱን ሊቀንስ ይችላል፤ ጥፋቱ በኮዱ ይላከካል። መሃል ላይ ከጠፋ ያን ዙር ጣሉት።

የሚታዩት ሦስት ቁጥሮች ናቸው፦ በአንድ ጥሪ ስንት ናኖሰከንድ፣ ስንት ባይት፣ ስንት የሜሞሪ ምደባ (አዲስ የሜሞሪ ቦታ የተጠየቀበት ጊዜ ብዛት)። ቤንችስታት በልዩነቱ ቦታ «~» ካስቀመጠ ልዩነቱ ከመለኪያው መዋዠቅ አልተለየም፤ «3 በመቶ ፈጠነ» የሚለውን ክርክር እዚያው ዝጉት። የምደባው ቁጥር እንደ ናኖሰከንዱ አይዋዥቅም። ከ2 ወደ 0 ከወረደ የምር ለውጥ አለ።

3. በአማርኛ ጽሑፍ ፈትኑት። የኛ ሰው ሌላው የማያየውን የሚያየው እዚህ ላይ ነው። በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት በባይት የሚጻፉበት ሥርዓት) አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ «ኮምቦልቻ» 5 ፊደል፣ 15 ባይት ነው። ረጅም መልእክት በባይት ቆጥሮ የሚቆርጥ ኮድ 10ኛው ላይ ቢቆርጠው «ኮምቦ» ደህና ይወጣል፤ ከ«ል» አንድ ባይት ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀርና ስክሪን ላይ «�» ይታያል። ሎጉን በጄሰን (በተለመደ የመረጃ አጻጻፍ ቅርጽ) ሲጽፍ ደግሞ የእንግሊዝኛውን ፊደል በአቋራጭ አሳልፎ ሌላውን በረጅሙ መንገድ የሚልክ ኮድ አለ። ቤንችማርኩ ላይ አንድ የአማርኛ መስመር ሲገባ «ፈጣኑ» ለውጥ የድሮውን ያህል እንኳ ላይሮጥ ይችላል። ይህን ሙከራ ጽፋችሁ ብትልኩ ከአሥር አስተያየት ይበልጣል።

4. ቡፈር (ጽሑፍ ለጊዜው የሚቀመጥበት የሜሞሪ ቦታ) መልሶ በመጠቀም የተገኘ ፍጥነት ከሆነ፣ ቡፈሩ ጽሑፉ ተጽፎ ሳያልቅ ወደ ፑሉ (ቡፈሮች ዳግም እስኪፈለጉ ወደሚቆዩበት ማከማቻ) እንዳይመለስ ተመልከቱ፤ ከተመለሰ የአንዱ ጥያቄ ሎግ ከሌላው ጋር ይቀላቀላል። ሙከራዎቹን የሬስ መፈተሻውን (ሁለት ሥራዎች በአንድ ጊዜ አንድ የሜሞሪ ቦታ ሲነኩ የሚያሳየውን) ከፍታችሁ ድገሙ። ያለ ልክ ያበጠ ቡፈርም ወደ ፑሉ መግባት የለበትም፤ የጎ የራሱ የፎርማት ጥቅል ከ64 ኪሎባይት በላይ የሆነውን ይጥለዋል።

ሎግ መጻፉን ከዋናው ሥራ ለይቶ በወረፋ ወደ ጀርባ የሚያዞር ለውጥ ከሆነ ሁለት ነገር ጠይቁ። ወረፋው ሲሞላ ይጠብቃል ወይስ መልእክት ይጥላል? ፕሮግራሙ ድንገት ቢሞት የመጨረሻዎቹ መስመሮች የት ይገባሉ? ሎግ በጣም የሚፈለገው ያኔ ነውና።

5. ኢንተርፌስ። ሰው ራሱ በሚተገብረው ኢንተርፌስ (እዚህ፦ ኮዱ የግድ ማሟላት ያለበት የሜተዶች ዝርዝር) ላይ አንድ ሜተድ (በስሙ የሚጠራ የኮድ ክፍል) መጨመር ቀላል ይመስላል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2023 ከጎ 1.21 ጋር የመጣው የኤስሎግ (የጎ የራሱ የሎግ ጥቅል) ሃንድለር፣ ማለትም ሎጉን ተቀብሎ የሚያስተናግደው ኢንተርፌስ፣ 4 ሜተድ አለው፤ አምስተኛ ቢጨመርበት የራሱን ሃንድለር የጻፈ ሁሉ ኮዱ ኮምፓይል አያደርግም (ወደሚሮጥ ፕሮግራም አይቀየርም)። መውጫው አዲሱን ሜተድ በሌላ ትንሽ ኢንተርፌስ ለይቶ፣ ሃንድለሩ ያሟላው እንደሆነ ፕሮግራሙ ሲሮጥ ማጣራት ነው።

ኮምፓይል አደረገ ማለት ግን ምንም አልተሰበረም ማለት አይደለም። በሎጉ መስመር ላይ ሰዓቱ የሚጻፍበት ቁልፍ ስም ቢቀየር ኮዱ ምንም አይለውም፤ ሎጉን እያነበበ ማንቂያ የሚልከው ስክሪፕት ግን ዝም ይላል። ላይብረሪው የመልእክቱን ይዘት መተርጎም ከጀመረማ ፑል ሪኩዌስቱን አስቁሙት፦ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2021 ይፋ የሆነው የሎግ4ጄ (የጃቫ ሎግ ላይብረሪ) የደህንነት ቀዳዳ የመጣው መልእክት ውስጥ የገባን ጽሑፍ ላይብረሪው ተርጉሞ ከሩቅ ሰርቨር ኮድ እንዲጫን በር በመክፈቱ ነው።

6. አስተያየት ስትጽፉ የጎ ቋንቋውን ቨርዥን፣ የፕሮሰሰሩን ዓይነትና የሁለቱን ኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ሁኔታ) መለያ አብራችሁ አስቀምጡ፤ ያለዚያ ቁጥራችሁን ማንም ደግሞ ሊያረጋግጠው አይችልም።