የታይሮይድ ዕጢ ሲቆጣ፦ ሕክምናው እንደ ዓይነቱ ነው

ታይሮይድ አንገት ላይ ያለ፣ ሆርሞን የሚያመርት ዕጢ ነው። በምሠራበት መድኃኒት ቤት ሁለት ሰዎች ተከታትለው መጥተው «ታይሮይዴ ተቆጥቷል» ሲሉኝ የያዙት ማዘዣ ፈጽሞ ላይገናኝ ይችላል። ሁለቱም ማዘዣዎች ግን ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ሐኪማችሁን አስቀድማችሁ ዓይነቱንና ያላችሁበትን ደረጃ ጠይቁ።

አንገት ሲነካ የሚያም ከሆነ፣ ሕመሙም ወደ መንጋጋና ወደ ጆሮ የሚወጣ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ከጉንፋን መሰል ሕመም በኋላ የሚመጣው ዓይነት ነው። በቅድሚያ አይቡፕሮፌንን የመሰለ ማስታገሻ ይታዘዛል፤ ካልበረደ ፕሬድኒሶሎን የተባለው የቁጣ ማብረጃ (ስቴሮይድ) ይከተላል። ይህ መድኃኒት ሕመሙን ቶሎ ስለሚያበርደው ብዙ ሰው «ድኛለሁ» ብሎ ይተወዋል። እባካችሁ፣ በራሳችሁ አታቋርጡት! መጠኑ በሐኪም ትእዛዝ በሳምንታት ውስጥ እየተቀነሰ ካልሆነ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል። ስኳር ወይም የጨጓራ ቁስለት ያለበት ሰውም አስቀድሞ ይናገር።

በዚህ ዓይነት የልብ መምታትና የእጅ መንቀጥቀጥ የሚመጣው ዕጢው ያከማቸው ሆርሞን ወደ ደም ስለሚፈስ ነው። የሆርሞን ምርትን የሚገታው ሜቲማዞል እዚህ አይረዳም፤ ጆንያው ተቀዶ እህሉ ሲፈስ ወፍጮውን ማቆም ምን ይጠቅማል? ትርታውን የሚያረጋጋው ፕሮፕራኖሎል ነው። አስም ካለባችሁ ግን ሳትናገሩ አትጀምሩት።

ክምችቱ ሲያልቅ ተራው የድካምና የብርድ ብርድ ማለት ይሆናል። ብዙዎች ከዚህ በኋላ ያገግማሉ። ከወሊድ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ የሚከሰተውም ተመሳሳይ መንገድ አለው፤ «የአራስነት ድካም ነው» እየተባለ መታለፉ በጣም ያሳዝነኛል። የደም ምርመራ ጠይቁ።

ሐሺሞቶ የሚባለው፣ ሰውነት የራሱን ዕጢ የሚያጠቃበት ዓይነት፣ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ሆርሞኑ ካልቀነሰ ክትትል ብቻ ሊበቃ ይችላል፤ ከቀነሰ የጎደለውን ሆርሞን የሚተካው ሌቮታይሮክሲን ይታዘዛል፣ ብዙ ጊዜም ለዕድሜ ልክ ነው። ኪኒኑን በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት ዋጡት። ብረት ወይም ካልሲየም የምትወስዱ ከሆነ 4 ሰዓት አራርቁት። መጠኑ ሲቀየር ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ደም ይመረመራል። ያረገዘች ሴት መጠኑ መጨመር ሊያስፈልገው ስለሚችል ወዲያው ለሐኪሟ ትንገር፤ መድኃኒቱን ፈጽሞ አታቁም።

ከፍተኛ ትኩሳት፣ የቀላና ያበጠ አንገት፣ ለመዋጥ ወይም ለመተንፈስ መቸገር ከታየ በባክቴሪያ የመጣ መግል ሊሆን ይችላል። ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ፣ አንዳንዴም መግሉን ማፍሰስ ስለሚያስፈልግ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሂዱ።