የባሕር ቢራቢሮን ከአራት ኪሎ ሆኖ መለየትና መመደብ

ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ የሚደርሰው የባቡር መስመር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚረዝም፣ አራት ኪሎ አካባቢ ተቀምጦ የባሕር እንስሳትን የሚያጠና ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ባሕሩን ሳይሆን ከባሕሩ የመጣ አንድ ብልቃጥ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ያለ ብልቃጥ ለደረሰው መምህር፣ ተማሪ ወይም በራሱ ፍላጎት ለሚያጠና ሰው ሲሆን፣ የሚመለከተውም የባሕር ቢራቢሮንና እንደ እሷ በውሃ መካከል እየዋኙ የሚኖሩትን ጥቃቅን የባሕር ቀንድ አውጣዎች ነው። ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ከሚመጡት ባለ ዛጎሎች ትንንሾቹ የጤፍ ቅንጣት፣ ትልልቆቹ ደግሞ የባቄላ ፍሬ ያህላሉ፤ ስለዚህ ከ10 እስከ 40 ጊዜ የሚያጎላ ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል።

በክረምት በአጥርና በጎመን ላይ የምናየው ቀንድ አውጣ በሰፊ እግሩ እየተሳበ ይሄዳል። በባሕር ዋናተኞቹ ላይ ያው እግር ተለውጦ ክንፍ ወይም ቀዘፋ ሆኗል። ጀማሪ ሁሉ ማይክሮስኮፑን እንዳስተካከለ ዓይኑ የሚያርፈው በሚያብረቀርቀው ዛጎል ላይ ነው፤ እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ አደርግ ነበር። ነገር ግን የተጠቀለለ ዛጎል ያላቸው ዋናተኞች በዝምድና በማይቀራረቡ ሁለት ወገኖች ውስጥ ስለሚገኙ፣ ከዛጎል የጀመረ ሰው ገና በመጀመሪያው እርምጃ ሊስት ይችላል። እንስሳው አካሉ ካለ ከእግሩ ይጀምሩ፤ ወደ ዛጎሉ የሚሄዱት ከዚያ በኋላ ነው።

ብልቃጡን መቀበልና መጠበቅ

የእነዚህ እንስሳት ዛጎል የተሠራው አራጎናይት ከሚባለው የካልሲየም ካርቦኔት ዓይነት ሲሆን፣ ይህ ማዕድን ካልሳይት ከተባለው ወንድሙ ይልቅ በቀላሉ ይሟሟል። ዛጎሉ ደግሞ እጅግ ስስ ነው። ናሙና እንዳይበሰብስ የሚጨመረው ፎርማሊን ሲቆይ አሲድነቱ እየጨመረ ስለሚሄድ፣ በቦራክስ ወይም በመሰል ነገር ካልተስተካከለ ዛጎሉን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ከዓመታት በፊት በአንድ የማስተማሪያ ቤተ ሙከራ መደርደሪያ ላይ የቆየ ብልቃጥ ከፍቼ፣ መለያ ወረቀቱ «ባለ ዛጎል» የሚላቸውን እንስሳት ሁሉ ራቁታቸውን አግኝቻቸዋለሁ፤ ያን ቀን እነሱን ከተፈጥሯቸው ዛጎል ከሌላቸው ዘመዶቻቸው ጋር ቀላቅዬ በመመደቤ ሙሉ የከሰዓት ሥራ ባክኖብኛል።

ስለዚህ ብልቃጡ እንደደረሰ ፈሳሹ ምን እንደሆነ ይጠይቁ። ዛጎሉንም ሆነ የዘር ቅንጣቱን ለማቆየት የሚሻለው ከ70 እስከ 95 በመቶ የሆነ አልኮል ነው፤ የዘረመል ምርመራ የሚታሰብ ከሆነ ወደ 95 የቀረበው ይመረጣል። ፎርማሊን ለስላሳውን አካል ቅርጹን ጠብቆ በማቆየት ይበልጣል፤ ሆኖም ለዘረመል ሥራ አይመችም። የደረሰዎት ናሙና በፎርማሊን ውስጥ ከሆነና ዛጎሉን የሚፈልጉት ከሆነ፣ በመስኮት አጠገብ ወይም አየር በሚዘዋወርበት ክፍል፣ ጓንት አድርገው ወደ አልኮል ያዘዋውሩት። እንስሳቱን በወረንጦ አይያዙ፤ ስስ ጫፍ ባለው የሥዕል ብሩሽ ወይም አፉ ሰፋ ባለ ፒፔት ያንሷቸው። ጥቁር ወረቀት ከፔትሪ ሳህኑ ሥር ቢያነጥፉ የመስታወት ያህል ጥርት ያለው ዛጎል ጠርዙ ይታያል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የስልክ ባትሪ ከጎን በኩል ማብራት ከላይ ከሚወርደው ብርሃን የተሻለ ሆኖ ያገኙታል።

አንድ ነጭ ቁራጭ ዛጎል ይሁን ፕላስቲክ ካጠራጠረዎት፣ ከተሰበረው ፍርፋሪ ላይ አንዲት ጠብታ አቼቶ ያድርጉ። ዛጎል ከሆነ አረፋ ይወጣዋል። ይህን በሙሉ ናሙና ላይ ፈጽሞ አያድርጉ።

መጀመሪያ እግሩን

በአፉ ግራና ቀኝ ሁለት ክንፎች ከተዘረጉ፣ በእጅዎ ያለው ቴሮፖድ ነው። ስሙን በ1804 እ.ኤ.አ. የሰጠው ፈረንሳዊው ጆርጅ ኩቪየ ሲሆን፣ ከግሪክ የተወሰደው ቃል ትርጉሙ «ክንፈ እግር» ማለት ነው። ክንፎቹ ከሌሉና በምትካቸው ከሆዱ በኩል አንድ ነጠላ ቀዘፋ ብቻ ካለ፣ እንስሳው ሄቴሮፖድ ነው። ሄቴሮፖድ ጀርባውን ወደ ታች፣ ቀዘፋውን ወደ ላይ አድርጎ ይዋኛል፤ ምስል የሚፈጥር ሌንስ ያላቸው ትልልቅ ዓይኖችና እንደ ኩምቢ የረዘመ አፍ አለው፤ ሌሎች እንስሳትንም እያደነ ይበላል። በአልኮል በተኮማተረ ናሙና ላይ እንኳ እነዚያ ጥቁር ዓይኖች ብዙውን ጊዜ ይታያሉ፤ በእኔ ልምድ ከሁሉ የታመኑ ምልክቶች እነሱ ናቸው።

ሁለቱ መልካቸው ቢቀራረብም የመጡበት መንገድ የተለያየ ነው። ሄቴሮፖዶች ኬኖጋስትሮፖዳ በተባለው ሰፊ ምድብ፣ ሊቶሪኒሞርፋ በሚባለው ክፍለመደብ ውስጥ ይገባሉ፤ እናቶቻችን ለጌጥ ይጠቀሙበት የነበረው ዛጎል ባለቤቱም የዚሁ ክፍለመደብ አባል ነው። ቴሮፖዶች ግን ሄቴሮብራንኪያ በተባለው ሌላ ምድብ ውስጥ ሆነው የባሕር ጥንቸል ከሚባለው ሌላ የባሕር ቀንድ አውጣ ጋር ይዛመዳሉ። የመራቢያ ሁኔታቸውም ይለያያል፤ ሄቴሮፖዶች ወንድና ሴት ተለይተው ሲኖሩ፣ ቴሮፖዶች ግን ፍናፍንት ናቸው፤ ባለ ዛጎሎቹ ቴሮፖዶች መጀመሪያ ወንድ ሆነው ቆይተው በኋላ ወደ ሴትነት ይለወጣሉ። በዚህ ምክንያት ትንንሾቹን እንደ ወንድ ዝርያ፣ ትልልቆቹን እንደ ሌላ ዝርያ አድርጎ መመዝገብ ስሕተት ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በባሕር ወለል ላይ የሚኖሩ ብዙ ቀንድ አውጣዎች እጭ ሳሉ በውሃው ውስጥ ይንሳፈፋሉ፤ በዚህ ዕድሜያቸው ከአፋቸው በኩል የሚዘረጋው ባለ ቅጠል አካል ክንፍ ይመስላል። የእጩ ቅጠል ዳር ዳሩን በጥቃቅን ፀጉር የተከበበ ሲሆን፣ የቴሮፖድ ክንፍ ግን ጡንቻማ ነው። ፀጉሩ በአልኮል ውስጥ ስለማይለይ፣ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች የሆነውን ሁሉ በተለየ ሳህን ላይ ማቆየት ይሻላል።

ባለ ክንፎቹን መክፈል

ቴሮፖዶችን ዛጎል ባላቸውና በሌላቸው መካከል የከፈላቸው፣ በ1824 እ.ኤ.አ.፣ ሌላው ፈረንሳዊ ብሌንቪል ነው። ቴኮሶማታ ባለ ዛጎሎቹ ናቸው፤ የባሕር ቢራቢሮ የሚባሉትም እነሱ ናቸው። ከገዛ አካላቸው የሚበልጥ ስስ የአተላ መረብ ዘርግተው በውሃው ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ሕይወታውያን ያጠምዳሉ፤ ዛጎላቸው ስለሚከብዳቸውም ክንፋቸውን ማራገብ ሲያቆሙ ይሰምጣሉ። ጂምኖሶማታ ደግሞ እጭ ሳሉ የነበራቸውን ዛጎል ጥለው ራቁታቸውን የሚያድጉ፣ ባለ ዛጎሎቹን ራሳቸውን የሚያድኑ ናቸው፤ የባሕር መልአክ የሚለው ስም የነሱ ነው። መልአክነታቸው ከሩቅ ሲታዩ ብቻ ነው፤ ክላዮኔ የተባለው ከራሱ ስድስት መያዣዎችን ዘርግቶ የባሕር ቢራቢሮዋን ይጨብጥና በመንጠቆዎቹ ከዛጎሏ ውስጥ ጎትቶ ያወጣታል።

በኢንተርኔት የሚታየው ፎቶ በአብዛኛው ይኸው ክላዮኔ ስለሆነ፣ ብዙ ሰው ከቀይ ባሕር ብልቃጥ ውስጥ እሱን ይፈልጋል። አይገኝም፤ ክላዮኔ የቀዝቃዛ ባሕር እንስሳ ነው። እሱንና ምግቡ የሆነችውን ሊማሲና ሄሊሲና የተባለችውን በ1774 እ.ኤ.አ. የመዘገባቸው፣ ወደ ሰሜን ዋልታ የተጓዘው እንግሊዛዊ መርከበኛ ፊፕስ ነበር። ከሞቃቱ ባሕር የሚመጣ ጂምኖሶም በአልኮል ተኮማትሮ የተጠቀለለ ጨርቅ ስለሚመስል፣ ወገኑን ለማወቅ አፉን ገልጦ መያዣዎቹን ወይም መጣበቂያዎቹን መቁጠር ያስፈልጋል። ለጀማሪ «ጂምኖሶማታ» ብሎ ማቆም ነውር የለውም።

የባለ ዛጎሎቹና የራቁቶቹ ቴሮፖዶች ዝምድና ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ሁለቱ ከተለያየ ዘር የመጡና በአኗኗር ብቻ የተመሳሰሉ ናቸው የሚለው አስተያየት አይሎ፣ ቴሮፖድ የሚለው ስም ከምደባ መጻሕፍት እየወጣ ሄዶ ነበር። በ2006 እና በ2020 እ.ኤ.አ. የወጡ የዘረመል ጥናቶች ግን ሁለቱን መልሰው አንድ ቤተሰብ አድርገዋቸዋል፤ የኋለኛው ጥናት የጋራ አመጣጣቸውን ዳይኖሰሮች ወደነበሩበት ወደ ክሬታሺየስ ዘመን መጀመሪያ ይወስደዋል። ስለዚህ አሮጌ መጽሐፍ ይዘው ሲሠሩ ሁለቱ በተለያየ ምዕራፍ ቢቀመጡ አይደናገጡ።

ዛጎሉን ማንበብ

አሁን ወደ ዛጎሉ እንምጣ፤ ባዶ ዛጎል ብቻ ለደረሰው ሰው ደግሞ ሥራው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከቀይ ባሕር ወለል የሚወጣ ደለል በቴሮፖድ ዛጎል የበለጸገ ነው፤ የጥልቁ ውሃ እንኳ ከ21 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የሞቀ ስለሆነ፣ ቀዝቃዛ ጥልቅ ባሕር እንደሚያደርገው አራጎናይትን አያሟሟም። ከባሕር ዳርቻ የተዘገነ አሸዋ ግን ብዙም ተስፋ አይጣልበትም፤ ማዕበል ስሱን ዛጎል ይፈጨዋል።

ዛጎሉ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ከሆነ፣ ጫፉን ወደ ላይ፣ አፉን ወደ እርስዎ አድርገው ያቁሙት። አፉ በግራዎ ከወደቀ ጥቅሉ ግራ ነው፤ ይህ የሊማሲና፣ የሄሊኮኖይደስና የፔራክሊስ ወገን ምልክት ነው። በቀኝዎ ከወደቀ አትላንታ የተባለውን ሄቴሮፖድ ይጠርጥሩ፤ ከመጨረሻው ዙር ጀርባ ላይ እንደ ምላጭ የሳሳ ክፈፍ ቢያዩ ጥርጣሬው ይረጋገጣል። ወጣት አትላንታ ክፈፉን ገና አላበቀለም፤ ስለዚህ የክፈፍ አለመኖር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሄሊኮኖይደስ ኢንፍላተስ በሞቃት ባሕሮች፣ በቀይ ባሕርም ጭምር፣ በብዛት የሚገኝ ሲሆን፣ ጥቅሉ ጠፍጣፋ ስለሆነ ግራና ቀኙን ለመወሰን እያገላበጡ በትዕግሥት ማየትን ይጠይቃል።

ስለ ግራና ቀኝ ሌላም ማሳሰቢያ አለኝ። ተራው የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ምስሉን ቢገለብጠውም የጥቅሉን አቅጣጫ አይለውጥም፤ የሚገለብጠው በክብ ዙሪያ እንጂ እንደ መስታወት አይደለምና። የስልክ የፊት ካሜራ ግን አንዳንድ ጊዜ ምስሉን እንደ መስታወት አድርጎ ያስቀምጣል፤ ፎቶ ብቻ አይቶ «ቀኝ ጥቅል ቴሮፖድ አገኘሁ» የሚል ሰው በመጀመሪያ ካሜራውን ይመርምር።

ዛጎሉ ካልተጠቀለለ ሥራው ይቀላል። እንደ መርፌ ቀጥ ያለው ክሬሴይስ ነው። እንዲሁ ቀጥ ብሎ ዙሪያውን ቀለበት ቀለበት ያለበት ሃያሎሲሊስ፣ ከጫፍ ወደ አፍ ሰያፍ መስመር የተሰነጠረበት ደግሞ ስቲሊዮላ ይባላል። ባለ ሦስት ጎን ሆኖ ወደ ታች የሚሾለው ክሊዮ፣ ጠርሙስ የሚመስለው ኩቪየሪና ናቸው፤ የኋለኛው ስም ለኩቪየ መታሰቢያነት የተሰጠ ነው። ካቮሊኒያ ሁለት ያልተመጣጠኑ ሳህኖች ተገጥመው የተሠራች ትመስላለች፤ አንዱ ሳህን ሆዱ የተነፋ፣ ሌላው ለጥ ያለ ሲሆን፣ ክንፎቿን በአፉ፣ አካሏን የሚሸፍነውን ሥጋዊ ልባስ ደግሞ በጎን ስንጥቆቹ ታወጣለች። ክሬሴይስን ዴንታልየም ከተባለው፣ ከባሕር ወለል ከሚገኘው ቀንድ መሰል ዛጎል ለመለየት ሹሉን ጫፍ ይመልከቱ፤ ዴንታልየም በሁለቱም ጫፍ ክፍት ነው፣ ያልተሰበረ ክሬሴይስ ግን በሹሉ በኩል የተዘጋ ነው። ጫፉ የተሰበረ ከሆነ «ክሬሴይስ፣ ዝርያው ያልተለየ» ብለው ይጻፉና ይለፉት።

መለያ ወረቀቱ

ቦታውን፣ ጥልቀቱን፣ የመረቡን ቀዳዳ ስፋት፣ ፈሳሹንና ቀኑን በእርሳስ ጽፈው ወረቀቱን ከብልቃጡ ውስጥ ያኑሩ፤ የእስክርቢቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል። ቀኑን ሲጽፉ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መሆኑን ሳይገልጹ አይተዉ፤ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሚለይ ስሕተት በአንዲት ፊደል ጉድለት ይፈጠራል። ሰዓቱ ደግሞ ከቀኑ የባሰ ነው። ብዙዎቹ ዋናተኛ ቀንድ አውጣዎች ቀን ወደ ጥልቁ ወርደው ሌሊት ወደ ላይ ስለሚወጡ፣ መረቡ የተጎተተበት ሰዓት ከናሙናው ይዘት ጋር በቀጥታ ይገናኛል። እኔ ራሴ «2 ሰዓት» ብዬ የጻፍኩትን መለያ ሌላ ሰው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አድርጎ አንብቦታል፤ እኔ ያልኩት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓትን ነበር፤ ብልቃጡ ባዶ ሊሆን ምንም ያልቀረው ለምን እንደሆነ ሲጽፍልኝም የአልኮሉን ጥራት ነበር የጠረጠረው። አሁን «08፡00፣ ጠዋት፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ» ብዬ እጽፋለሁ።