ጠለቅ ያለ ሳንቲም ለማግኘት፦ የዲቴክተር ግራውንድ ባላንስ አስተካከል

ሜታል ዲቴክተር አዲስ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚነካው ሴንሲቲቪቲን፣ ማለትም ማሽኑ ደካማ ምልክት የሚሰማበትን መጠን፣ ነው። እስከ መጨረሻው ጨምሮት ጥልቀት ያገኘ ይመስለዋል። እኔ ግን ጀማሪ ማሽኑን ይዞ ሲመጣ በቅድሚያ የማሳየው ግራውንድ ባላንስን፣ ማለትም ማሽኑ የአፈሩን ምላሽ ችላ እንዲል ማስተካከልን፣ ነው። ጠልቆ የተቀበረን ሳንቲም አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፍነው የመሬቱ ጩኸት እንጂ የማሽኑ አቅም ማነስ አይደለም።

ኮይሉ፣ ማለትም ከማሽኑ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ጠፍጣፋ ክፍል፣ መግነጢሳዊ መስክ ወደ መሬት ይልካል፤ ሳንቲሙ ለመስኩ ምላሽ ይሰጣል፤ ማሽኑም ምላሹን ተቀብሎ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። ችግሩ አፈሩም ምላሽ መስጠቱ ነው። አፈር ውስጥ እንደ ማግኔታይትና ማግሄማይት ያሉ የብረት ማዕድናት አሉ፤ እነሱ ደግሞ ከሳንቲሙ ይልቅ ለኮይሉ ቅርብ ናቸው። መስኩ ከኮይሉ እየራቀ ሲሄድ በጣም በፍጥነት ይዳከማል፤ የሳንቲሙ ምላሽ ተመልሶ ሲመጣም እንደዚያው ይዳከማል። ከኮይሉ ስፋት አለፍ ባለ ርቀት ላይ፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ምልክቱ ወደ 64 ጊዜ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ 25 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለን ሳንቲም ባላንሱ ባልተስተካከለ ማሽን መፈለግ ወፍጮ ቤት ውስጥ ሹክሹክታ ለመስማት እንደመሞከር ነው። ሴንሲቲቪቲ ስትጨምሩ ሹክሹክታውም ወፍጮውም አብረው ይጮኻሉ። ግራውንድ ባላንስ ግን ወፍጮውን ለይቶ ዝም ያሰኛል።

ይህን የሚያደርገው የአፈሩ ምላሽ ከሳንቲሙ ምላሽ በፌዝ፣ ማለትም በመዘግየቱ መጠን፣ ስለሚለይ ነው። ማሽኑ የአፈሩን ፌዝ በቁጥር ያሳያችኋል፤ በብዙዎቹ ላይ ከ0 እስከ 99 ነው። እርጥብ ጨዋማ አሸዋ ወደ ዜሮው ይጠጋል፤ ብረት ያለበት ቀይና ቡናማ የሸክላ አፈር መሀሉ አካባቢና ከዚያ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ማግኔታይት የበዛበት ጥቁር አሸዋ ወደ ላይኛው ጫፍ ይሄዳል። የየማሽኑ ሚዛን ስለሚለያይ የሰው ቁጥር አትቅዱ። ጓደኛችሁ 82 ላይ ሠርቶለት ይሆናል፤ ያ ቁጥር የእሱ ማሽንና የእሱ አፈር ነው።

ባላንስ ከመጀመራችሁ በፊት የምትሰሙት ጩኸት ከየት እንደሆነ እወቁ። ኮይሉን ወደ ላይ አንስታችሁ ምንም ሳታንቀሳቅሱ ያዙት። እንዲያም ሆኖ መንጫጫቱን ካላቆመ ምንጩ መሬቱ ሳይሆን የኤሌክትሪክ መስመር፣ ስልክ፣ ወይም አጠገባችሁ ያለ ሌላ ዲቴክተር ነው። ያንን ግራውንድ ባላንስ አይፈታውም። ፍሪኩዌንሲ ቀይሩ ወይም ኖይዝ ካንስል የሚለውን ተጠቀሙ፤ ስልካችሁን አርቁ። አየር ላይ ጸጥ ብሎ መሬት ላይ ሲወዛወዝ ብቻ የሚንጫጫ ከሆነ አሁን ጉዳዩ የእኛ ነው።

ቀጥሎ ንጹሕ ቦታ ፈልጉ። ይህችን ብዙ ሰው ይዘላታል፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምጨነቀው ለእሷ ነው። ዲስክሪሚኔሽኑን (የማይፈለግ ብረትን ለይቶ ድምፁን የሚያፍነውን) አጥፍታችሁ፣ ማለትም ኦል ሜታል ላይ አድርጋችሁ፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ የምትደርሱበትን ያህል ቦታ በሁለት አቅጣጫ ጠረግ ጠረግ አድርጉ። አንድ የዛገ ምስማር ወይም ቆርኪ ከሥሩ ካለ ማሽኑ የሚለካው አፈሩን ሳይሆን ምስማሩን ነው፤ የተሳሳተ ቁጥር ይዛችሁ ትዞራላችሁ። አካፋችሁን ራቅ አድርጉ፤ አፍንጫው ላይ ብረት ያለበት ጫማም አታድርጉ። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በ1881 በጥይት በቆሰሉት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ ሰውነት ውስጥ የቀረውን ጥይት በመሣሪያ ሲፈልግ ካደናቀፉት ነገሮች አንዱ የአልጋው ብረት ነበር። ዙሪያው ንጹሕ ካልሆነ ጥሩ መሣሪያም ያሳስታል።

አሁን ኮይሉን ከመሬቱ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያዙት። ከዚያ እስከ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር አንሱት፣ መልሳችሁ አውርዱት፤ ሳትቸኩሉ፣ በእኩል ፍጥነት ደጋግሙት። መሬቱን አያስነኩት። አውቶማቲክ ባላንስ ያለው ማሽን ከሆነ ቁልፉን ተጭናችሁ ይህንኑ ስታደርጉ ቁጥሩ ይዋልልና አንድ ቦታ ይረጋል። ለእኔ እሱ መነሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ማንዋል፣ ማለትም ቁጥሩን በእጅ ወደማስተካከል፣ ገብቼ በጆሮዬ አጣራዋለሁ። የጆሮ ማዳመጫ የግድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የማሽኑ ስፒከር ይህን የሚያህል ስስ ልዩነት አያሰማም።

ማንዋሉ ላይ የምትሰሙት ትሬሾልዱን፣ ያንን ከጀርባ የማይቋረጠውን ቀጭን ድምፅ ነው። ኮይሉ ሲወርድ ድምፁ ካበጠ ወይም ሲነሳ ካበጠ ባላንሱ ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል። ወዴት እንደምታስተካክሉ ከመመሪያው መጽሐፍ እዩ፤ አንዳንዱ አምራች ሲወርድ ከጮኸ ቁጥሩን ቀንሱ ይላል፣ ሌላው ጨምሩ ይላል፤ ሁለቱም ለየራሳቸው ማሽን ትክክል ናቸው። መመሪያው በእጃችሁ ከሌለ 5 ቁጥር ያህል ወደ አንዱ ወገን ውሰዱት፤ ካባሰው በተቃራኒው ሂዱ። ሲቀርብ 1 በ1 እየነካችሁ ሂዱ። ትክክለኛው ቁጥር ላይ ስትደርሱ ኮይሉ ሲነሳም ሲወርድም ድምፁ ያው ይሆናል። ማዕድን በበዛበት አፈር ፍጹም ጸጥታ አትጠብቁ፤ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል መሆኑ ይበቃል።

ከዚያ በኋላ እኔ አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ወደ ፖዘቲቭ አስጠጋዋለሁ፤ ኮይሉ ሲወርድ ትሬሾልዱ በጣም ትንሽ ከፍ እንዲል። ወደ ነጌቲቭ ያዘነበለ ማሽን ጸጥ ያለ ስለሆነ ደስ ይላል፤ ግን ያ ጸጥታ የደከመ ምልክትንም ይውጣል። የምንፈልገው ሳንቲም ደግሞ የሚሰማው በዚያ የደከመ ምልክት ነው።

ልዩነቱን በዓይን ለማየት ጥሩው ዘዴ ይህ ነው። ደከም ያለ ግን የሚደጋገም ምልክት ስታገኙ ወዲያው አትቆፍሩ። ቦታውን ምልክት አድርጉና ባላንሱን 10 ቁጥር ወደ ላይ፣ ቀጥሎ 10 ወደ ታች እያደረጋችሁ በዚያው ላይ አወዛውዙ። ምልክቱ ሲቆራረጥ፣ የዒላማ ቁጥሩ (ማሽኑ የዕቃውን ዓይነት የሚገምትበት ቁጥር) እንደ ምስማር ወዳለ ብረት ሲንሸራተት፣ አንዳንዴም ጭራሽ ሲጠፋ ትሰማላችሁ። ያን ጊዜ ባላንስ ምን ያህል ሴንቲ ሜትር እንደሚያወጣ ማንም ሊያስረዳችሁ አያስፈልግም። አዲስ ቀብሮ መሞከር የዚህን ያህል አይታመንም፤ የተቆፈረ አፈር እንዳልተነካው አይደለምና።

ትራኪንግ፣ ማለትም ማሽኑ በራሱ እየተከታተለ የሚያስተካክልበት ዘዴ፣ አፈሩ በየእርምጃው ለሚለዋወጥበት ቦታ ይጠቅማል። ነገር ግን አንድ ደካማ ምልክት ላይ ደጋግማችሁ ስታወዛውዙ ሳንቲሙን እንደ አፈር ቆጥሮ ሊያጠፋው ይችላል። ምልክት ስትመረምሩ ቆልፉት። እኔ አፈሩ ወጥ በሆነበት ቦታ ሁሉ ማንዋል እመርጣለሁ፤ ትሬሾልዱ መዋለል ሲጀምር ቆሜ እንደገና አስተካክላለሁ። ከደረቅ ወደ እርጥብ ስትሻገሩ፣ ቁልቁለት ስትወርዱ፣ በተለይም እሳት የነደደበት ቦታ ስትደርሱ ድገሙት። ሙቀት በአፈር ውስጥ ያሉትን ደካማ የብረት ማዕድናት ወደ ጠንካራ መግነጢሳዊ ይለውጣቸዋል፤ የድሮ ምድጃ ያለበት አፈር ከጎኑ ካለው በጣም የሚለየው ለዚህ ነው።

ሴንሲቲቪቲ ተራው አሁን ነው። ማሽኑ መንጫጫት እስኪጀምር ጨምሩና አንድ ደረጃ መልሱ። ኮይሉን ስታወዛውዙ ጫፍና ጫፉ ላይ አታንሱት፤ ከፍታው በተለዋወጠ ቁጥር መሬቱ ተመልሶ ይናገራል። ማዕድን በበዛበት ቦታ ትልቅ ኮይል ይጠልቃል ብላችሁ አትድከሙ፤ ትልቅ ኮይል ብዙ አፈር ስለሚያይ አነስ ያለ ዲዲ ኮይል (ውስጡ የዲ ፊደል ቅርጽ ያላቸው ሁለት ጥቅልሎች ያሉት) ይሻላል። እርጥብ የባሕር ዳርቻ ላይ ደግሞ ባለ አንድ ፍሪኩዌንሲ ማሽን ጨውንና የብረት ማዕድንን አንድ ላይ ማመጣጠን ይቸግረዋል፤ እዚያ መልቲ ፍሪኩዌንሲ (በአንድ ጊዜ በብዙ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ) ወይም ፐልስ ኢንዳክሽን (መስኩን በአጫጭር ምት የሚልክ) ማሽን ያስፈልጋል።

ዲስክሪሚኔሽኑን ዝቅ አድርጉት። ጥልቅ ሳንቲም ማዕድናማ አፈር ውስጥ ብዙ ጊዜ ራሱን እንደ ብረት ያስቆጥራል፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚመጣ ንጹሕ ድምፅ ከሰማችሁ ዞራችሁ ከጎን ሞክሩት፤ ከዚያም ቆፍሩ። ፈቃድ ያገኛችሁበት መሬት ብቻ ይሁን፤ ቅርስ የሚገኝበት ወይም ጦርነት የነበረበት ቦታ አትንኩ። ዕቃው ከወጣ በኋላም ጉድጓዱን ከመድፈናችሁ በፊት ኮይሉን መልሳችሁ አሳልፉበት፤ ከላይ የነበረው ዕቃ ሲነሳ ከሥሩ ያለው ሁለተኛ ምልክት ያኔ ይሰማል።