ሐረግ የተጠመጠመበት የብርድ ኮፍያ እንዴት ይሠራል?

ጉንጉን ያለው ሹራብ ሲያዩት ያስፈራል። ዘዴው ግን ቀላል ነው፤ መርፌው ላይ ካሉት የክር ቀለበቶች ሦስቱ ከጎናቸው ካሉት ሦስት ጋር ቦታ ይቀያየራሉ፣ በቃ። ሁለቱን መሠረታዊ የሹራብ አሠራሮች፣ ቀጥታና ግልብጥን፣ ከቻላችሁ ይሄንንም ትችላላችሁ።

መካከለኛ ውፍረት ያለው 100 ግራም የሱፍ ክር ይበቃል። ፈካ ያለ ቀለም ምረጡ። ጥቁር ወይም ጸጉራም ክር ጉንጉኑን ይውጠውና ልፋታችሁ ሳይታይ ይቀራል። 40 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ ባለ 4 እና ባለ 5 ሚሊ ሜትር ክብ መርፌዎች ያስፈልጋሉ። ለአናቱ በሁለቱም ጫፍ ሹል የሆኑ ባለ 5 መርፌዎች፣ ለጉንጉኑ ደግሞ አንድ አጭር መርፌ ያዙ።

በቀጭኑ መርፌ 112 ቀለበት ጀምሩ። ብዙ ይመስላል፤ ግን ጉንጉን ሹራቡን ስለሚሰበስበው ካነሰ ይጠብባችኋል። ሳይጠማዘዝ በክብ አገናኙትና 2 ቀጥታ፣ 2 ግልብጥ እያላችሁ 5 ሴንቲ ሜትር ሥሩ።

ወደ ወፍራሙ መርፌ ስትሻገሩ 6 ቀጥታ፣ 2 ግልብጥ ይሆናል። በየ8 ቀለበቱ ሦስተኛውና አራተኛው ከግልብጥ ወደ ቀጥታ ይቀየራሉ ማለት ነው። እዚህ ጋ ቀረብ ብላችሁ እዩት፦ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች እንደ ሥር ተገናኝተው አንድ ወፍራም ግንድ ይሆናሉ። ከኮፍያው ሁሉ የምወደው ይህቺን ቦታ ነው።

አሁን ጉንጉኑ። ከ6ቱ ቀጥታዎች የመጀመሪያዎቹን 3 ወደ አጭሩ መርፌ አሳልፉና ከፊት አንጠልጥሏቸው። ቀጣዮቹን 3 ሥሩ፣ ከዚያ የተንጠለጠሉትን። ሐረጉ ወደ ግራ ያዘነብላል። ከኋላ ካንጠለጠላችሁ ወደ ቀኝ። በዙሪያው 14 ጉንጉን አለ፤ አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ አፈራርቁ። መሻገሪያው ላይ ክሩ ቢጠብቅ አትደንግጡ፤ ከአንድ ሁለት ዙር በኋላ ይላላል።

ብዙ ጊዜ ጉንጉን በእኩል ርቀት ነው የሚሠራው። እኔ አይጥመኝም፤ ሐረግ ተለክቶ አይጠመጠምም። ወፍራሙን መርፌ ከያዛችሁበት ዙር ጀምራችሁ ቁጠሩና በ4ኛው፣ በ14ኛው፣ በ22ኛው፣ በ28ኛውና በ34ኛው ዙር አሻግሩ። ታች ዘና ብሎ የጀመረው ወደ ላይ እየጠበቀ ይሄዳል።

ከዚያ ቅነሳ ነው። መጀመሪያ ሁለቱን ግልብጦች አንድ ላይ ሥሩ፤ 98 ይቀራል። ቀጥሎ 6ቱን ቀጥታዎች ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ፤ 56። ከዚያ ሁሉንም ሁለት ሁለት፤ 28፣ በመጨረሻም 14። በየቅነሳው መካከል 2 ዙር ሳትቀንሱ ሥሩ። ክሩን 30 ሴንቲ ሜትር አስተርፋችሁ ቁረጡ፣ በ14ቱ ቀለበቶች ውስጥ አሳልፉና ሳቡት፣ ጫፉን ከውስጥ ደብቁ።

ለብ ባለ ውሃ ንከሩት። ሳትጠመዝዙ በፎጣ ጫን ጫን አድርጉና ዘርግታችሁ አድርቁት። ጉንጉኑ ጎልቶ የሚወጣው ከዚህ በኋላ ነው።