የቆመው ልብ ወለዴ እንዴት ተንቀሳቀሰ

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት፤ ሐዲዱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 እዚህ ባይደርስ ኖሮ ከተማዋ ባልተቆረቆረች ነበር። እኔም ስለ አንድ የባቡር ሠራተኛ ልብ ወለድ ስጽፍ ሰውዬው ጡረታ ወጥቶ ከዚራ በተባለው ሰፈር ቤቱ እንደተቀመጠ ታሪኩ ቀጥ አለ። ኮምፒውተር ፊት መቀመጡም ሆነ የሌሎችን ድርሰት ማንበቡ አልረዳኝም።

መላው የተገኘው “ይህ ሰው ዛሬ ምን ይፈልጋል?” ብዬ ስጠይቅ ነው። የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ ቀፊራ ገበያ ገባሁና ሰዎች ሲከራከሩ የሚናገሩትን ብቻ በደብተር ጻፍሁ፤ መልክና ልብስ አልገለጽሁም። በአንድ ክርክር አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ሲፈራረቁ መስማት ለደራሲ እንዴት ያለ ሀብት ነው! ሰው ቋንቋ ሲቀይር አንድ ነገር አጥብቆ እንደፈለገ ይታወቃል።

ከዚያ ባለታሪኬን ወደዚያው ገበያ ላክሁት፤ የቀድሞ ባልደረባውን የቆየ ብድር እንዲጠይቅ። ባልደረባው “አልከፍልም” አለ፤ ምዕራፉም ከዚህ ጠብ ተነሥቶ ሄደ።

ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ እጽፋለሁ። የምተወውም ቀጣዩን ንግግር እያወቅሁ ነው፤ በማግስቱ ባዶ ገጽ አይጠብቀኝም። አሁን ሁለቱ ሽማግሌዎች ዳኛ ፊት ሊቀርቡ ነው።