ቴስተሩ "ልክ ነው" ያለው ኬብል ኔትወርኩን ለምን ያንቀራፍፋል?

ብዙ ሰው የኔትወርክ ኬብል ሠርቶ የቴስተሩ (የኬብል መፈተሻ መሣሪያው) መብራት ለ8ቱ ሽቦዎች ከ1 እስከ 8 በተራ ከበራለት ሥራው አለቀ ብሎ ዕቃውን ይሰበስባል። ርካሹ ቴስተር የሚነግረን ግን ሽቦዎቹ አለመቆረጣቸውንና ተራቸው አለመዛባቱን ብቻ ነው። የትኛው ሽቦ ከየትኛው ጋር እንደተጠማዘዘ፣ ሽቦው ከምን እንደተሠራ አያውቅም።

ችግር፦ ቴስተሩ ችግር አላሳየም፤ ፋይል ሲላክ ግን ይቆራረጣል

መጀመሪያ በኮኔክተሩ (በኬብሉ ጫፍ ባለው ፕላስቲክ መሰኪያ) ውስጥ የሚታዩትን የሽቦ ቀለማት ተመልከቱ። ጥንዶቹ (አብረው የተጠማዘዙት ሁለት ሁለት ሽቦዎች) ጎን ለጎን ከተደረደሩ፣ ማለትም ብርቱካን ከነጩ፣ አረንጓዴ ከነጩ፣ ሰማያዊ ከነጩ ጋር በተርታ ከገቡ፣ ምክንያቱ እሱ ነው። ስዊቹ (ኬብሎቹ የሚገናኙበት ማከፋፈያ) እና ኮምፒውተሩ ፒን 3ን (የኮኔክተሩን 3ኛ መስመር) ከፒን 6 ጋር እንደ አንድ ጥንድ ይጠቀማሉ። በዚህ አደራደር ግን 3 አረንጓዴው ጥንድ ውስጥ፣ 6 ሰማያዊው ውስጥ ይወድቃል። የመጠማዘዝ ጥቅሙ የኤሌክትሪክ ረብሻን ማጣፋት ስለሆነ፣ ጥንዱ ሲለያይ ያ ጥበቃ ይጠፋል። አጭር ኬብል ላይ ላይታወቅ ይችላል፤ ሲረዝም ይብሳል።

ሁለቱንም ጫፍ ቆርጣችሁ በቲ568ቢ (በተለመደው የቀለም አደራደር ደረጃ) ተራ እንደገና ሥሩ፦ ነጭ-ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡኒ፣ ቡኒ። ጥምዝማዙን ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ አትፍቱ። የውጭው ልባስ ኮኔክተሩ ውስጥ ገብቶ መያዣው እንዲነክሰው አድርጉ፤ ካልነከሰው ኬብሉ በተሳበ ቁጥር ሽቦዎቹ ይላቀቃሉ። ክሪምፐሩን (ኮኔክተሩን ሽቦው ላይ የሚጨምቀውን መሣሪያ) ከመጫናችሁ በፊት ኮኔክተሩን ከፊት ለፊት አይታችሁ 8ቱም የመዳብ ጫፎች ግድግዳው ድረስ መድረሳቸውን አረጋግጡ።

ችግር፦ ሁሉም ዕቃ ጊጋቢት ሆኖ ፍጥነቱ 100 ሜጋቢት ላይ ቆመ

100 ሜጋቢት የሚፈልገው 1፣ 2፣ 3 እና 6ን ብቻ ነው፤ ጊጋቢት ግን አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ 4፣ 5፣ 7 ወይም 8 በደንብ አለመነካቱ ነው። ኮኔክተሩን ቆርጣችሁ ቀይሩ። ለደረቁ ባለ አንድ ክር ሽቦ የተሠራው ኮኔክተር ለለስላሳው ባለ ብዙ ክር ከሚሆነው እንደሚለይም ስትገዙ አስታውሱ።

ችግር፦ በኔትወርክ ኬብሉ ኃይል የሚያገኝ ካሜራ ቀን ይሠራል፣ ማታ እየጠፋ ይነሳል

ማታ የኢንፍራሬድ መብራቱ ሲበራ ካሜራው ተጨማሪ ኃይል ይስባል። ኬብሉ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ከሆነ የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚያግድበት መጠን ከንጹሕ መዳብ ስለሚበልጥ፣ ቮልቴጁ መንገድ ላይ ያልቅና ካሜራው ይወድቃል። አንዱን ሽቦ በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጉ፤ ከቅቡ ሥር ነጭ ከወጣ አልሙኒየም ነው። ላዩ ላይ "ካት 6" (የኬብል ደረጃ ስም) ተብሎ ቢጻፍም ደረጃው መዳብ ስለሚጠይቅ ጽሑፉ አያድነውም። ጫፍ መቀየርም አይጠቅምም፤ ኬብሉ ራሱ በንጹሕ መዳብ መተካት አለበት። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ኬብል ላይ ዋጋ መቀነስ በእኔ እምነት ትልቁ ኪሳራ ነው፤ ስዊች በደቂቃ ይቀየራል፣ የተቀበረ ኬብል ግን ግድግዳ ያስፈርሳል።

የቀሩትን ባጭሩ፦ ርቀቱ ከ100 ሜትር ካለፈ መሃል ላይ ስዊች አስገቡ። ኬብሉን ከ220 ቮልት መስመር ጋር በአንድ ቱቦ አታስኬዱ፤ ከረብሻው በላይ ለሰውም አደጋ ነው። ደጅ ላይ ለሚዘረጋው ፀሐይ የሚችለውን ጥቁር ልባስ ምረጡ፤ የቤት ውስጡ ፀሐይ ላይ ይሰነጣጠቅና ውሃ ያስገባል።