ባቡር እንዴት ይነሣል? ከለገሃር እስከ ድሬዳዋ ለሚጓዙ የፎቶግራፍ አፍቃሪዎች

ባቡር ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ዋናውን ሥራ የሚጨርሰው ባቡሩ ከመድረሱ በፊት ነው። ሰው ስናነሣ ትንሽ ወደ ብርሃኑ ዞር እንዲልልን እንለምናለን፣ ዓይኑን ከጨፈነም ደግመን እናነሣዋለን፤ ባቡር ግን አይለመንም፣ ካለፈም ተመልሶ አይቆምልንም። በሌላ በኩል ባቡር ከሐዲዱ ስለማይወጣ የሚመጣበትን አቅጣጫ፣ የሚጠመዘዝበትን ኩርባና ከበላዩ የተዘረጋውን ሽቦ ቀድመን እናውቃለን። እንግዲህ ቦታውን ቀድሞ ያየና ብርሃኑን ቀድሞ ያሰላ ሰው፣ ባቡሩ ሲደርስ የሚቀረው ጣቱን መጫን ብቻ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው በአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር፣ በአዲስ አበባ ቀላል ባቡርና በአሮጌዎቹ ጣቢያዎች ስመላለስ የተማርሁትን ነው።

ከካሜራና ከሌንስ የሚቀድመው ፈቃድ ነው። ጣቢያዎች፣ ድልድዮችና የኃይል ማከፋፈያዎች የሚጠበቁ ቦታዎች ስለሆኑ በግቢያቸው ውስጥ ለማንሣት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ወደ ጣቢያው አስተዳደር ሄዶ ዓላማውን፣ ቀኑንና የሚይዘውን መሣሪያ በጽሑፍ አስረድቶ ፈቃድ ቢቀበል ቀኑን ሙሉ በሰላም ይሠራል። ድሮን ያለ ፈቃድ ፈጽሞ መነሣት የለበትም። ጥበቃ ሲጠይቀን ካሜራውን ዝቅ አድርገን ሰላምታ መስጠት፣ የተነሣውን ማሳየት፣ አጥፉ ከተባልንም ያለ ክርክር ማጥፋት ይገባል። ከጣቢያ ውጭ በገጠር የምንቆምበት መሬትም ባለቤት አለው። ከብት የሚጠብቁ አባት ዛፍ ሥር ተቀምጠው ካየሁ መጀመሪያ ወደ እሳቸው ሄጄ «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ባቡሩ ሲያልፍ ከዚህች ጉብታ ላይ ሆኜ ላነሣው አስቤ ነበር፤ ይፈቅዱልኛል?» እላለሁ። እስከ ዛሬ በዚህ መንገድ ጠይቄ የከለከለኝ የለም፤ ብዙውን ጊዜም ባቡሩ በስንት ሰዓት ግድም እንደሚያልፍ ከማንም በተሻለ የሚነግሩኝ እነሱ ናቸው።

ደኅንነትን በሚመለከት ምንም ዓይነት መደራደር አይቻልም። ከሰበታ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚደርሰው አዲሱ መስመር ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ባቡሮቹ የሚንቀሳቀሱት ከላይ በተዘረጋ 25,000 ቮልት በሚሸከም ሽቦ ነው። እንዲህ ያለ ኃይል ሰውን ለመግደል ሽቦው እስኪነካ አይጠብቅም፤ የተጠጋውን ነገር ዘልሎ ይመታል። ስለዚህ በሐዲዱ አጠገብ ረጅም የካሜራ መቆሚያ፣ ጃንጥላ ወይም የሞባይል ዘንግ ወደ ላይ ማንሣት አይገባም። የኤሌክትሪክ ባቡር በተለይ ነፋስ ከእኛ ወደ እሱ በሚነፍስበት ጊዜ ድምፁ የሚሰማው እጅግ ከቀረበ በኋላ ነው። ከሰበታ እስከ አዳማ ሐዲዱ ድርብ ስለሆነ አንዱ ባቡር ሌላውን ሊጋርድ ይችላል፤ ከአዳማ ወዲያ ደግሞ ነጠላ በመሆኑ በዚያው ሐዲድ ላይ ከሁለቱም አቅጣጫ ይመጣል። ጭነት የያዘ ባቡር ፍሬን ቢይዝም በአጭር ርቀት ሊቆም አይችልም። እኔ ለራሴ ያወጣሁት ደንብ ከሐዲዱ ከ10 ሜትር በታች አለመጠጋት፣ አጥር ካለም ከአጥሩ ውጭ መቆም ነው፤ በሐዲድ መካከል ቆሞ የተነሣ ፎቶግራፍ ምንም ያህል ቢያምር አላደንቀውም።

አሁን ወደ ብርሃኑ እንምጣ፤ የዚህ ሙያ ትልቁ ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነውና። መስመሩ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጥቅሉ ወደ ምሥራቅ ይወርዳል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የሚነሣው ባቡር ፊቱ የሚበራው ጠዋት፣ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ ጭኖ ወደ ደጋው የሚወጣው ደግሞ ፊቱ የሚያምረው ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ነው። ይህን ያላሰበ ሰው ጠዋት ከድሬዳዋ የሚመጣ ባቡር ሲያነሣ የሚያገኘው ከኋላው ፀሐይ ያለበት ጥቁር ሳጥን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ከሐዲዱ በስተደቡብ ወይስ በስተሰሜን እንቁም የሚለው ነው። መልሱ እንደ ወሩ ይለያያል። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች፣ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ኬክሮስ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ በስተሰሜን፣ በቀሩት ወራት ደግሞ በስተደቡብ ትውላለች። በበጋ ከሐዲዱ ደቡብ ቆሞ ወደ ሰሜን የሚያነሣ ሰው የባቡሩን ጎን ብሩህ አድርጎ ያገኘዋል። ይህን ከማወቄ በፊት አንድ ኅዳር ላይ መተሐራ አካባቢ ጥላ ፍለጋ በተሳሳተው በኩል ተቀምጬ ከ3 ሰዓት በላይ ጠብቄ ነበር። ባቡሩ ሲመጣ ጎኑ በሙሉ ጨልሞ፣ በላዩ ላይ ያለው ሰማይ ደግሞ ነጥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቦታ ስመርጥ መጀመሪያ የራሴን ጥላ አያለሁ፤ ጥላዬ ወደ ሐዲዱ ካመለከተ ብርሃኑ ከኋላዬ ነው ማለት ነው። ከወራት ሁሉ የምመርጠው መስከረምንና ጥቅምትን ነው። ክረምቱ አቧራውን ስላጠበው አየሩ ጥርት ይላል፣ በደጋው በኩል አደይ አበባ ይታያል፣ ወደ ቆላው ስንወርድም ግራሩ ገና አልደረቀም። ከአዋሽ እስከ ሚኤሶ ባለው ቆላ እኩለ ቀን ላይ ግን ከሐዲዱ የሚነሣው ሙቀት አየሩን ስለሚያርገበግበው ሩቅ የሚያቀርብ ሌንስ የያዘ ሰው የሚያገኘው የደበዘዘ ምስል ነው፤ ያ ጊዜ ለምሳና ለዕረፍት ቢውል ይሻላል።

ቦታና ብርሃን ከተመረጡ በኋላ የሚቀረው ቅንብሩ ነው። የባቡር አፍቃሪዎች ከሁሉ የሚወዱት አቀራረብ የሎኮሞቲቩን፣ ማለትም ፉርጎዎቹን የሚጎትተውን ሞተር፣ ፊትና አንድ ጎኑን አብሮ የሚያሳየው ነው፤ እንዲህ ሲነሣ የሎኮሞቲቩ ቁጥር ይነበባል፣ ከኋላው የሚጎተቱት ፉርጎዎችም እስከ መጨረሻው ይታያሉ። ለዚህ ከሁሉ የሚመረጠው ረጋ ያለ ኩርባ ነው፤ በኩርባው ውስጠኛ በኩል የቆመ ሰው ባቡሩን እንደ ቀስት ተቀልብሶ ያገኘዋል። በኤሌክትሪክ መስመር ላይ ግን አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ፤ ሽቦውን የተሸከሙት ምሰሶዎች የሎኮሞቲቩን ግንባር ሊቆርጡት ይችላሉ። ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት በባዶው ሐዲድ ላይ ሁለት ሦስት ምስል አንሥቶ፣ ግንባሩ በየትኞቹ ሁለት ምሰሶዎች መካከል ሲደርስ ጣታችንን እንደምንጭን መወሰን ያስፈልጋል። ከጣሪያው ተነሥቶ ሽቦውን የሚነካው ፓንቶግራፍም በሙሉ ይግባ፤ እሱን ቆርጦ ማንሣት ፈረሰኛን ያለ ራስ እንደ መሣል ነው።

የሸተሩን፣ ማለትም ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መዝጊያ፣ ፍጥነት በግምት ከመወሰን ይልቅ ማስላት ይሻላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የጭነት ባቡር በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል፤ ሸተሩ ለ1/250 ሰከንድ ከተከፈተ ባቡሩ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ይንቀሳቀሳል፣ በ1/1000 ሰከንድ ግን 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በ120 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የመንገደኛ ባቡር ደግሞ በ1/1000 ሰከንድ ከ3 ሴንቲ ሜትር ጥቂት አለፍ ይላል። ወደ እኛ የሚመጣ ባቡር በምስሉ ላይ የሚንቀሳቀሰው ጥቂት ስለሆነ 1/500 ይበቃዋል፤ በጎን በኩል ለሚያልፈው ግን 1/1000 ወይም ከዚያ የፈጠነ መጠቀም ይገባል። ፍጥነቱ በምስሉ እንዲሰማ የሚፈልግ ደግሞ ሸተሩን ወደ 1/60 ዝቅ አድርጎ፣ ወገቡን ከባቡሩ ጋር እኩል እያዞረ በመከተል ሊያነሣው ይችላል፤ ባቡሩ ጥርት ብሎ ሜዳው ወደ መሥመር ይለወጣል። ይህ ብዙ ልምምድ ስለሚጠይቅ ብዙ ሰዓት ተጠብቆ በሚመጣ ባቡር ላይ መሞከር የለበትም።

ፎከሱን ካሜራው በራሱ እንዲፈልግ መተው አደገኛ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ባቡሩን ትቶ ምሰሶውን ይይዛል። ባቡሩ ይደርሳል ባልንበት ቦታ በሐዲዱ ሥር ካለው ጠጠር ላይ ፎከስ አድርጎ መቆለፍ ይሻላል። የብርሃኑን መጠንም በዚያው በጠጠሩ ላይ ለክተን እንቆልፈው፤ አለበለዚያ የባቡሩ የፊት መብራት ካሜራውን አታሎት ምስሉ በሙሉ ይጨልማል።

ለልምምድ ከሁሉ የሚመቸው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ነው፤ አንዱ ቢያመልጠን ሌላው ይከተላልና። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ ባቡር ሁለት መስመሮች አሉት፤ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚሄደው አረንጓዴና ነጭ፣ የሰሜን ደቡቡ ደግሞ ሰማያዊና ነጭ ነው። ሁለቱ ከስታዲየም እስከ ልደታ ባለው ክፍል አንድ ሐዲድ ስለሚጋሩ በዚያ አካባቢ በትዕግሥት የቆመ ሰው አረንጓዴውና ሰማያዊው ሲተላለፉ በአንድ ምስል ሊይዛቸው ይችላል። መስመሩ እዚያ በድልድይ ላይ ስለሚሄድ ከእግረኛ መንገድ ወደ ላይ ማንሣት ሆዱን ብቻ ያሳያል፤ ከአጠገብ ባለ ሕንጻ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ፎቅ ላይ ካለ ካፌ፣ ባለቤቱን አስፈቅዶ ማንሣት ይሻላል። ማታ ሲነሣ፣ በባቡሩ ግንባር ላይ በኤልኢዲ መብራት የሚጻፈው ጽሑፍ በፈጣን ሸተር ተቆራርጦ ስለሚወጣ ወደ 1/125 መውረድ ያስፈልጋል።

ከዚያው ድልድይ ሥር ለገሃር አለ። ስሙ ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ሲሆን፣ ሕንጻው የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። ቀላል ባቡሩን ከፊት፣ አሮጌውን ጣቢያ ከኋላ አድርጎ የሚያነሣ ሰው ወደ መቶ ዓመት የሚጠጋ ታሪክ በአንድ ምስል ያኖራል፤ እኔ ለአዲስ አበባ ልጅ ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ሥራ አላውቅም። ከጅቡቲ የተነሣው አሮጌው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን ከተማዋ ራሷ ከባቡሩ ጋር የተወለደች ናት። በከተማዋ ባለው የባቡር ጥገና ፋብሪካ ግቢ ውስጥ በ1 ሜትር ስፋት ባለው አሮጌ ሐዲድ ላይ የቆሙትን ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች ለማንሣት የሚፈቀድለት ሰው ቢያንስ ሙሉ ቀን ይመድብ። በአዳራሾቹ ውስጥ ጨለማው ጥልቅ፣ በመስኮት የሚገባው ብርሃን ደግሞ ኃይለኛ ስለሆነ የካሜራ መቆሚያ ተጠቅሞ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ዝቅ አድርጎ፣ ሸተሩን ለሰከንዶች መክፈት ያስፈልጋል። መላው ሎኮሞቲቭ ከተነሣ በኋላ ወደ ዝርዝሩ እንቅረብ፤ የሠራው ፋብሪካ ስምና ዓመት የተቀረጸበት የብረት ሰሌዳ፣ በእጅ ብዛት የለሰለሰ መዘውር፣ በሦስት ጊዜ ቀለም የተቀባ በር። የድሮ ሠራተኛ ካገኘን ደግሞ መጀመሪያ ቁጭ ብለን እናዳምጥ፣ ቀጥሎ አስፈቅደን ከሚያውቁት ማሽን አጠገብ እናንሣቸው። ማሽኑ ዝም ይላል፤ ምን እንደነበረ የሚነግረን የነዳው ሰው ነው።

ሞባይል ብቻ ያለው ሰውም ከዚህ ሁሉ አይከለከልም። በጣት እየዘረጉ ማቅረብን ትቶ ቦታን መቀየር፣ ማያ ገጹን ተጭኖ ፎከሱንና ብርሃኑን መቆለፍ፣ ባቡሩ ሲደርስም በተከታታይ ማንሣት በቂ ነው።

ከተነሣ በኋላ ሰዎች የሚዘነጉት መመዝገብን ነው። ለእያንዳንዱ ምስል የሎኮሞቲቩ ቁጥር፣ ቦታው፣ የሚሄድበት አቅጣጫና የጫነው ነገር በዚያው ቀን ማታ ይጻፍ። በተለይ ቀኑ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ካሜራው የሚመዘግበው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን እኛ በማስታወሻችን የምንጽፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። የሁለቱ ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ስለሆነ፣ ዓመቱን ብቻ ጽፈን የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልገለጽን ከዓመታት በኋላ እኛ ራሳችን እንሳሳታለን። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ካሜራው 8 ሲል እኛ ጠዋት 2 እንላለን። በእያንዳንዱ ማስታወሻ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ መጻፍ፣ ምስሎቹንም በሁለት የተለያዩ ቦታዎች በተቀመጡ ሁለት ዲስኮች ላይ መገልበጥ ይገባል። አንድ ቅጂ በወረቀት አሳትሞ ለተነሣው የባቡር ሠራተኛ መላክም አይረሳ፤ በቀጣዩ ጉዞ በሩን የሚከፍትልን እሱ ነው።